«ለምን ግማሽ ቀን?» ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ የ8 ዓመት ወንድ ልጃችንንና የ5 ዓመት ሴት ልጃችንን የማሳድገው እኔ ነኝ። በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ። በአንድ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቤት ቀረሁ። ትንሿ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት የምትወጣው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ የምፈልገው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ባለፈው አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ «ለምን ግማሽ ቀን?» ሲሉኝ ከሰዓት በኋላ እማራለሁ አልኳቸው። «ምን ይማራሉ? የት?» ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ወጣሁ። አሁን ደግሞ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ለሚቀጥለው ሳምንት ጠርቶኛል። ማስታወቂያው የሙሉ ቀን ሥራ ነው የሚለው። የግማሽ ቀኑን ነገር መቼ ልንገራቸው? ስለ ልጆቼስ ላውራ? መንቀጥቀጡንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ የጻፉትን ቅደም ተከተል እስቲ ልብ ይበሉት። ወደ ክፍሉ ስገባ ተንቀጠቀጥኩ አላሉም። ስለ ሥራ ልምዴ ሲጠይቁኝ ተንቀጠቀጥኩም አላሉም። አፍዎ የተሳሰረውና እጅዎ የራደው የሌለ ትምህርት እማራለሁ ብለው ተከታዩ ጥያቄ ሲመጣ ነው። ቃለ መጠይቅ ሁሉንም ሰው ያስፈራል፤ የእርስዎን ፍርሃት ያበረታው ግን ይዘውት የገቡት ምስጢር ነው። እሱን በሚቀጥለው ሳምንት ይዘው አይግቡ።

ለምን እንደሸሸጉት ይገባኛል። በሠራተኛ ቅጥር ላይ ረጅም ጊዜ የሠራሁት በዚሁ በሰሜን ሸዋ ስለሆነ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። እናት «ልጆች አሉኝ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት መሆን አለብኝ» ብትል ማንም አይደነቅም። አባት ሲናገረው «ሚስቱን ዓረብ አገር ልኮ እሱ ቤት ይውላል» የሚል ወሬ ይከተላል። ይህን ሰፈር ውስጥ ሰምተውት ይሆናል፤ ማንም ሳይልዎት ራስዎ ለራስዎ ብለውትም ይሆናል። ለሁለት ልጆች ምሳ የሚያቀርብ፣ የቤት ሥራ የሚያሠራ፣ ትኩሳት ሲነሳባቸው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያነጋ አባት የሚያፍርበት ምንም ነገር የለም። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ከቀጣሪው ወንበር ሲታይ ደግሞ ነገሩ እርስዎ እንደሚፈሩት አይደለም። ግማሽ ቀን ብቻ እሠራለሁ የሚል ወንድ ፊቱ ሲቀመጥ ቀጣሪው በልቡ ብዙ ነገር ያወጣል ያወርዳል። ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሆን? የራሱ ሱቅ ይኖረው ይሆን? ከሚፎካከረን ነጋዴ ጋር ይሠራ ይሆን? ዕቃ ለሚረከብ ሰው እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ከባድ ነው፤ የግምጃ ቤት ቁልፍ የሚሰጠው ለታመነ ሰው ነውና። የእርስዎ እውነት እሱ ከሚገምታቸው ሁሉ የሚሻል ነው። ልጆቹን ለማንም ያልተወ ሰው ግምጃ ቤቱን ትቶ ይሄዳል ብሎ የሚሰጋ ባለ መደብር እኔ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ስለ ልጆችዎ ይናገሩ፤ ግን አጭር ይሁን። መቼ ላሉት፣ የሥራ ልምድዎን ከጠየቁዎት በኋላ፣ የደመወዝ ነገር ከመነሳቱ በፊት፣ እነሱ ሳይጠይቁ እርስዎ ያንሱት። አስቀድሞ ስልክ ደውሎ መናገር ጨዋነት ይመስላል፤ ነገር ግን ስልኩን የሚያነሳው ሰው የመወሰን ሥልጣን ስለማይኖረው «እንግዲያው አይምጡ» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ቅጥሩ ካለቀ በኋላ መናገር ደግሞ እንዳታለሏቸው ያስቆጥርብዎታል። ፊት ለፊት ተቀምጠው ምን እንደሚችሉ ካወቁ በኋላ ሲሰሙት ግን የሚያመዛዝኑት ነገር በእጃቸው አለ።

አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ማስታወቂያው ሙሉ ቀን እንደሚል አይቻለሁ። እኔ የማቀርበው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ውጭ አገር ናት፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት ልጆቼን የምይዘው እኔ ነኝ። የዕቃ ርክክቡንና የመዝገቡን ሥራ በእነዚህ ሰዓታት አጠናቅቄ እወጣለሁ።» ከዚህ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ብዙ ሰው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ዝምታውን ለመሙላት «ቢቻል ነው፣ ካልሆነም ግድ የለም፣ ችግሬን ተረዱልኝ» እያለ ያቀረበውን መልሶ ያፈርሰዋል። እርስዎ ሰዓትዎን ለሥራ እያቀረቡ ነው እንጂ ምሕረት እየለመኑ አይደለም። ሕጉም ቢሆን አይከለክልዎትም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተቀመጠው በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ጣሪያ ነው። እርስዎ የሚያቀርቡት በሳምንት 24 ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ከጣሪያው በታች መስማማት ይችላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው «ልጅ ቢታመምስ?» የሚለው ነው። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው መልስ እዚህ አይበቃም። ከዛሬ ጀምረው አንድ ሰው ያነጋግሩ፤ አክስት ትሁን፣ የታመነች ጎረቤት ትሁን፣ ቃሏን ይቀበሉ። ያኔ «ድንገት ቢታመሙ የምትይዝልኝ ዘመድ አለች፤ ተነጋግረናል» ይላሉ። ክረምቱንም አይርሱት። ሐምሌና ነሐሴ መዋዕለ ሕፃናቱ ሲዘጋ ልጅቷ ጠዋት የት ትውላለች? ጠያቂዎቹ ባያነሱትም እርስዎ መልሱን ካወቁት ውስጥዎ ይረጋጋል። ስለ ባለቤትዎ «መቼ ነው የምትመለሰው? ገንዘብ ትልካለች?» ወደሚል ጥያቄ ከገቡ «እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የሥራ ሰዓቴ ግን በእሱ አይለወጥም» ብለው በጨዋነት ይመልሱ። ሁሉንም የመመለስ ግዴታ የለብዎትም።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ ልምጣ። ሰው ሲፈራ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይደልቃል፤ ደም ከቆዳ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ስለሚሄድ እጅ ይቀዘቅዛል፤ አፍ ይደርቃል፤ ጣት ይርዳል። በሽታ አይደለም፤ ፈሪነትም አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ስለሆነች ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው። በዚያ ብርድ ከባጃጅ ወርዶ በቀጥታ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው እጁ የሚንቀጠቀጠው ከብርድ ይሁን ከፍርሃት ራሱም አይለየውም፤ ከፍርሃት ነው ብሎ ሲያስብ ደግሞ ፍርሃቱ ይብስበታል። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ አቅራቢያው ካለ ሻይ ቤት ትኩስ ብርጭቆ ይዘው እጅዎን ያሙቁ።

ሻይ ያልኩት በምክንያት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ቡና ይቀንሱ፤ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተው ከሄዱ የልብ ምቱንና የእጅ መንቀጥቀጡን ቡናው ራሱ ይጨምረዋል። ቀጠሮው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነና ጿሚ ከሆኑ፣ በባዶ ሆድ ረጅም ሰዓት ቆይቶ ከሰዓት በኋላ መቅረብ ስለሚያደክም ጠዋት እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ። «ጠዋት ቢሆን ይመቸኛል» ማለት ነውር አይደለም። ተራ ሲጠብቁ አየር በአፍንጫ አራት እስኪቆጥሩ ያስገቡ፤ ከስድስት እስከ ስምንት እስኪቆጥሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። ትንፋሽ ሲወጣ ረዘም ማለቱ የልብ ምትን የሚያረጋጋውን ነርቭ ይቀሰቅሰዋል። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሰውም አያይዎትም። ከመድኃኒት ቤት «የሚያረጋጋ ኪኒን» ገዝተው እንዲውጡ የሚመክርዎ ሰው ካለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይንኩት፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ሕመም ጋርም ሊጣላ ይችላል።

ማስረጃዎችዎን በአቃፊ ይያዙ። ነጠላ ወረቀት በእጅ መያዝ ትንሿን መንቀጥቀጥ ሁሉ ያጎላታል፤ አቃፊውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው እጅዎን ያሳርፉበት። ድምፅዎ ቢርድ «ይቅርታ፣ ጥያቄውን ይድገሙልኝ» ብለው ትንፋሽ ይውሰዱ። ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ሰው ሁሉ ይህን ይረዳል፤ እኔ ራሴ እየራደ በትክክል የመለሰ ሰው ሲቀጠር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እኛ ዘንድ አንድ ሌላ ችግር አለ፤ አስተዳደጋችን ነው። በታላቅ ፊት ዓይንን መስበር፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ስለራስ አለማውራት ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ ጨዋነትም ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን አንገቱን የደፋ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል። ሲገቡ ጤና ይስጥልኝ ይበሉ፤ ተቀመጡ እስኪባሉ ይጠብቁ፤ ይህ ሁሉ እንዳለ ይሁን። ሲመልሱ ግን የጠየቀዎትን ሰው ይዩት። ስለራስዎ ማውራት ከከበደዎት ስለ ዕቃው ያውሩ። «እኔ ታታሪና ታማኝ ነኝ» ማለት ለእርስዎም ይከብዳል፤ ለሚሰማዎትም ምንም አይነግረውም፤ ሁሉም ሰው ይለዋልና። እርስዎ ደግሞ ስለ ዕቃ የሚናገሩት ሞልቶዎታል።

«እስቲ ስለራስዎ ይንገሩን» ሲሉ በዚያ ፕሮጀክት ምን ይረከቡ እንደነበር ይጀምሩ። ሲሚንቶ እርጥበት ስለሚጠጣ ከወለሉ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ እንደሚደረደር፣ ከግድግዳ እንደሚርቅ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ መውጣት እንዳለበት ይንገሯቸው፤ በዚህ አገር ክረምት ከወር ወር የሚቆይ ከረጢት ምን እንደሚሆን ባለ መደብሩ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እርስዎም ማወቅዎን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። ፌሮ በቁጥር ወጥቶ በክብደት ሲገባ የሚፈጠረውን ልዩነት እንዴት ያስታርቁት እንደነበር ያንሱ። የፌሮ ክብደት በሜትር ሲሰላ የውፍረቱ ሚሊ ሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ይካፈላል፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ በሜትር 0.89 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ 12 ሜትር የሆነው አንድ ቤርጋ ደግሞ 10.7 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። ይህን በቃሉ የሚያሰላ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ከሌሎቹ አመልካቾች ለይተው ያስታውሱታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የምንላቸው የገቢና የወጪ ሰነዶች በግል መደብር ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነው፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበት ቢን ካርዱም፣ የሰኔ 30 ቆጠራውም እንዲሁ።

«ቆጠራ ላይ ጉድለት ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ ይጠብቁ፤ ዕቃ ለሚረከብ ሰው ሳይጠየቅ አይቀርም። የሚፈለገው መልስ እንደገና መቁጠር፣ የገቢና የወጪ ሰነዶችን ከካርዱ ጋር ማመሳከር፣ ካልተገኘ በዚያኑ ዕለት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። «ከኪሴ እሞላዋለሁ» የሚሉ አሉ፤ ታማኝነትን ያሳዩ ይመስላቸዋል። ለእኛ ግን ጉድለትን የሚሸፍን ሰው ምልክት ነው።

ፕሮጀክቱ ካለቀ ወዲህ ምን ሲሠሩ እንደነበር ይጠይቃሉ። ልጆቼን ሳሳድግ ነበር ይበሉ። የእድር ገንዘብ ያዥ ወይም የእቁብ ጸሐፊ ከነበሩ ይጨምሩበት፤ የሰው ገንዘብ ይዞ ሂሳብ ማስረከብ እውነተኛ ልምድ ነው። ካልነበሩ ምንም አይጨምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ይጀምሩ፦ ተያዥ ይፈልጉ። ለግምጃ ቤትና ለገንዘብ ሥራ የሚቀጥሩ ድርጅቶች በአብዛኛው ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ይጠይቃሉ፤ ቃለ መጠይቁን በሚገባ አልፈው ተያዥ አጥተው ቦታው ያመለጣቸውን አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። አንድ ዘመድ ወይም የቀድሞ ባልደረባ እሺ ካለዎት «ተያዥ አዘጋጅቻለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ጥርጣሬ ያስወግዳል። የሥራ ልምድ ማስረጃዎም ዋናውና ቅጂው አብሮ ይኑር።

ልምምዱን ድምፅ አውጥተው ያድርጉት። በልብ የተጠና ነገር አፍ ላይ ሲደርስ ሌላ ነው። የ8 ዓመቱ ልጅዎ ጥያቄዎቹን ከወረቀት እያነበበ ቢጠይቅዎት እንኳ ይጠቅማል። በቃል የሚያጠኑት ግን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገርና የሰዓቱን ንግግር ብቻ ይሁን፤ ረጅም ንግግር በቃሉ የያዘ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል።

ከተማችን ትንሽ ናትና ከጠያቂዎቹ አንዱ የሚያውቁት ሰው፣ የእድርዎ አባል ወይም የባለቤትዎ ዘመድ ሊሆን ይችላል። አይደንግጡ፤ ለእሱም እንደ ሌሎቹ ሰላምታ ይስጡ፣ «አንተ» ይባባሉ የነበረ ቢሆን እንኳ እዚያ ክፍል ውስጥ «እርስዎ» ይበሉት። እውነቱን ይዘው ስለገቡ እሱ የሚያጋልጠው ነገር የለም። «ቦታው ለዘመድ ተይዟል» የሚል ወሬ ከሰሙም ይሂዱ። እንዲህ ያለ ነገር የለም አልልዎትም፤ ከውጭ ሆኖ ግን የትኛው እንደተያዘ ማወቅ አይቻልም።

ይህ ባይሳካ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እምብዛም አይወጣም፤ የሚገኘው በመጠየቅ ነው። ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ሙሉ ስምንት ሰዓት ስለሚያሠሩ ለእርስዎ አይመቹም፤ እዚያ ጊዜዎን አያጥፉ። የግል ክሊኒኮች፣ መድኃኒት ቤቶችና መዋዕለ ሕፃናት የጠዋት ገንዘብ ተቀባይ ወይም ሂሳብ ያዥ ይፈልጋሉ፤ የልጅዎን መዋዕለ ሕፃናት ራሱን ይጠይቁ። በዲፕሎማዎ ግን እኔ የበለጠ ተስፋ የማደርገው የሁለት ሦስት ነጋዴዎችን የሂሳብ መዝገብ መያዙን ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው የግብር ወቅት መዝገብ የሚያስተካክልላቸው አጥተው የሚጨነቁ ብዙ ናቸው፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማታ ቤትም ሊሠራ ይችላል። በከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም ይመዝገቡ።

ደመወዝ ሲያነሱ «ሲቆረጥ ስንት ይደርሰኛል?» ብለው ይጠይቁ። ከግብሩ ሌላ ለጡረታ 7 በመቶ ከእርስዎ ይቆረጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። በማስታወቂያው ከተባለው ደመወዝ ግማሹ መነሻዎ ይሁን፤ ከዚያ በታች አይውረዱ፤ ዕቃ የመረከብ ኃላፊነት በግማሽ ቀን ግማሽ አይሆንምና። የሙከራ ጊዜ ካለ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥዎ ይገባል። እዚያ ላይ «ግማሽ ቀን» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት» ይባል።

ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሲሚንቶ የጫነ መኪና በር ላይ ቢቆም የሚረከበው ማን ነው? ከሰዓት በኋላ ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል? እርስዎ ልጅዎን ሊያመጡ ከሄዱ በኋላ ሌላ ሰው ዕቃ የሚያወጣ ከሆነ በየቀኑ 6 ሰዓት ላይ የምትረካከቡበት፣ ሁለታችሁም የምትፈርሙበት መዝገብ ይኑር። መዝገቡ ከሌለ ከሰዓት በኋላ የጎደለው ሁሉ በእርስዎ ስም ይጻፋል፤ ተያዥዎም አብሮ ይጠየቃል። ባለ መደብሩ መዝገቡን አልፈልግም ካለ ሥራውን አይቀበሉት።